እሁድ በስምንት ሰዓት

ከኢንዶኔዥያ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፣ ፎቶዎቹን ለሰው ያሳየሁት ግን ገና ባለፈው እሁድ ነው። እማዬ ናት ያስገደደችኝ። ቡና አቀራርባ፣ ፈንዲሻ አፍክታ፣ ጎረቤት ጠርታ ከጨረሰች በኋላ "በሉ አሁን እሷ ታሳየን፣ ያን ሁሉ ባህር ተሻግራ ሄዳ ከኤርፖርት ፎቶ በቀር ያየነው የለም" አለች ሰው ሁሉ በሰማበት። ከዛ በኋላ እምቢ ማለት አይቻልም። እኔም ከጻፍኩ ስንት ወር ሆኖኛል፣ ያን ከሰዓት እንዳለ ልጻፈው ብዬ ነው፣ የጉዞ ጽሁፍ መሆኑ ቀርቶ የቡና ወሬ ቢመስል አትፍረዱብኝ።

ለማታውቁኝ፣ የምሠራው ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ነው፣ ፕሮግራም አወጣለሁ፣ ሆቴል ቡክ አደርጋለሁ፣ ሰው ሲጎድል ደግሞ ግሩፕ ይዤ ደቡብ እወርዳለሁ። ቤታችን አራት ኪሎ ነው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሰባት በር በአንድ መስመር የተደረደረበት የቀበሌ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ረጅም በረንዳ። ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ የአክስቴ ግቢ አብሮ ሄዷል፣ የኛ እስካሁን አለ። ስለ በረንዳው በኋላ ስለምመለስበት ነው።

የሄድኩት ለሥልጠና ነበር፣ ስለ ማኅበረሰብ ቱሪዝም፣ ማለትም የመንደሩ ሰው ራሱ አስተናጋጅ፣ ራሱ ጋይድ፣ ራሱ ገንዘብ ያዥ የሚሆንበት ዓይነት። ጃካርታ አዳራሽ ውስጥ ብርድ በሚያስይዝ ኤሲ ስር ስላይድ ስናይ ከረምን። ሲያልቅ እኔና ሁለት የሥልጠናው ልጆች ተነጋግረን በራሳችን ወጪ ካሊማንታን ሄድን። አንዱ የዛው ሀገር ልጅ ነው፣ ከምዕራብ ካሊማንታን፣ አንዷ ከናይሮቢ። ከጃካርታ ባሊክፓፓን ሁለት ሰዓት በአውሮፕላን፣ ከዛ ሳማሪንዳ ድረስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር በመኪና።

"እሱ ደሞ የት ነው?" አለች እማዬ። ቦርንዮ የምትባለው ደሴት ናት አልኳት፣ ከግሪንላንድና ከኒው ጊኒ ቀጥላ በዓለም ሦስተኛዋ ትልቅ ደሴት፣ የኛን ሀገር ሁለት ሦስተኛ የምታክል፣ ኢንዶኔዥያ ማሌዥያና ብሩናይ ለሦስት ይዘዋታል፣ የኢንዶኔዥያው ድርሻ ነው ካሊማንታን የሚባለው። አዲሱን ዋና ከተማቸውን ኑሳንታራን የሚሠሩትም እዛው ምሥራቁ በኩል ነው፣ ጃካርታ ሰውም ውሃም ስለበዛባት። እማዬ "ዋና ከተማ ሊያዛውሩ?" ብላ ትንሽ ዝም አለችና "ሰው ነበረበት ቦታው?" አለች። ነበረበት።

ያን ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ (ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ከቲክቶክ ያልተማረው ነገር የለም) "ዳያኮች ማለት የሰው ራስ የሚቆርጡት ናቸው አይደል?" አለ። ይሄ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ቆርጠዋል፣ አልዋሽም፣ ግን በ1894 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቱምባንግ አኖይ የምትባል መንደር ውስጥ ከየጎሳው ተወካይ መጥቶ፣ የሆላንድ መንግሥትም ገፋፍቶ፣ ራስ መቁረጥ ይብቃ፣ ደም መመለስ ይብቃ፣ ባሪያ መያዝ ይብቃ ተባብለዋል። ከዓድዋ ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። "ደም አደረቁ በለኛ" አሉ ጎረቤታችን ጋሼ ለልጁ፣ ነገሩ በዛው ተዘጋ።

ደሞ ዳያክ የሚባል አንድ ሕዝብ የለም። ከባህር ዳርቻ ርቀው ወንዝ ይዘው ለሚኖሩት ለደሴቲቱ ነባር ሕዝቦች የተሰጠ የጅምላ ስም ነው፣ ውስጡ ኢባን አለ፣ ንጋጁ አለ፣ ካያን አለ፣ ቋንቋቸው የማይግባባ ስንት አለ። ከነሱ አንዱ ማአንያን ይባላል፣ ባሪቶ ወንዝ አካባቢ፣ እና የማዳጋስካር ቋንቋ በዓለም ላይ የቅርብ ዘመዱ ማን ነው ቢባል እሱ ነው! እዚህ እኛ ሰፈር ያለችው ማዳጋስካር፣ የአፍሪካ ኅብረት አባሏ፣ ቋንቋዋ በጀልባ ህንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ከቦርንዮ የመጣ ነው። ይሄን ስሰማ ግማሽ ቀን ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

እኛ የሄድንበት መንደር ፓምፓንግ ይባላል፣ ከሳማሪንዳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ የሚኖሩበት ደግሞ ኬንያህ የሚባሉት ናቸው። አዎ ኬንያህ። የናይሮቢዋ ልጅ ይሄን ስትሰማ ፓስፖርቷን አውጥታ በር ላይ ለተቀመጡት ሰዎች "እኔም ኬንያ ነኝ" እያለች ስታሳይ ሰዎቹ በሳቅ ሞቱ፣ ከዛ በኋላ እኔን ማን ነሽ ያለኝ የለም፣ የኬንያዋ ጓደኛ ሆኜ ቀረሁ።

ኬንያሆች ድሮ ፓምፓንግ አልነበሩም። አገራቸው አፖ ካያን ነው፣ ከማሌዥያ ድንበር አጠገብ ያለ ደጋ፣ መንገድ የሌለው፣ ወንዙ ፏፏቴና ድንጋይ የሞላበት። ጨው ፈልገው ከወጡ ጀልባውን ድንጋይ ላይ እየጎተቱ፣ ደርሶ መልሱ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ነበር የሚፈጀው። እማዬ እዚህ ጋ "አሞሌ" አለች ለራሷ፣ የአባቷን ነጋዴነት አስታውሳ መሰለኝ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ገበያ ፍለጋ ወደ ቆላው ወረዱ፣ ከነሱ ውስጥ ናቸው ፓምፓንግን የቆረቆሩት። በ1991 የክፍለ ሀገሩ ገዥ "የባህል መንደር" ብሎ ሰየማት። ስለዚህ "ጥንታዊ የዳያክ መንደር" ብሎ ፖስተር ላይ የሚጽፈው ሰው ትንሽ ይዋሻል። ሰዎቹ ጥንታዊ ናቸው፣ መንደሯ ግን ከእማዬ ታንሳለች።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። እኛ የደረስነው ረቡዕ ነው። ሦስት የቱሪዝም ባለሙያዎች፣ ሠርተፊኬታችን ገና ቀለሙ አልደረቀም፣ ቀን ሳናጣራ ሄድን። መንደሩ ጸጥ ብሏል፣ አንድ ሰውዬ ሞተር ሳይክሉን በትኖ ይሠራል፣ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፣ ትልቁ ቤት ባዶ ነው። አንዲት ወጣት መጣችና በጣም በትህትና "እሁድ ነው፣ በስምንት ሰዓት" አለችን (በነሱ አቆጣጠር 14 ሰዓት፣ እኔ ወደኛ ቀይሬው ነው)። የምዕራብ ካሊማንታኑ ልጅ በኢንዶኔዥያኛ ለማግባባት ሞከረ፣ ከሩቅ ነው የመጡት፣ አንዷ ከኢትዮጵያ፣ አንድ ሰው እንኳን ለብሶ ቢቆምልን፣ እንከፍላለን ምናምን። ልጅቷ እየሳቀች "እሁድ" አለች በድጋሚ። ሰውዬው ከሞተሩ ቀና እንኳን አላለም።

ተናደድኩ። የምሬን ነው፣ መኪና ውስጥ ገብቼ "እንዲህ ሆነው ነው ቱሪዝም የሚሉት?" እያልኩ ነበር። ሳማሪንዳ ስንደርስ ማሃካም ወንዝ ዳር ቁጭ ብለን የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ ነው ነገሩ ቀስ እያለ የገባኝ። እኔ ስንት ጊዜ ነው ማክሰኞ ጠዋት ሰው ቤት ሳላንኳኳ አስራ ሁለት ፈረንጅ ይዤ የገባሁት? ኦሞ ወርጄ ሙርሲ መንደር መኪና ስናቆም እኮ ሴቶቹ ሥራቸውን ጥለው፣ ከንፈራቸው ላይ ሸክላቸውን ከተው እየሮጡ ነው የሚመጡት፣ ምክንያቱም ሂሳቡ በፎቶ ነው፣ በአንድ ጠቅታ ይሄን ያህል ብር፣ ያልተነሳ አያገኝም። እኔ ደግሞ ዝርዝር ብር በላስቲክ አስሬ ለእንግዶቼ አድላለሁ። ማንም መቼ ኑ ብሎን አያውቅም። ማንም አትምጡ ብሎንም አያውቅም፣ መጠየቁን እኛ አልጠየቅንማ።

ይሄን ቡናው ላይ ስናገር ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሼ የሦስተኛው በር ጎረቤታችን ናቸው፣ የዶርዜ ሰው፣ ሸማኔ፣ ስንት ዓመት ሽሮ ሜዳ ሲሠሩ ኖረው አሁን ዓይናቸው ደከም ስላለ ቤት ናቸው። "እናቴ እንሰት እየፋቀች፣" አሉ፣ "እጇ እስከ ክርኗ በቆጮ ተነክሮ፣ አንዱ ካሜራውን ይዞ እንደገና ፋቂው ይላታል። እንደገና! ተፍቆ ያለቀውን!" ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ስኒውን ሲያስቀምጡ ድምፅ አሰማ። ከዛ ደሞ ተመልሰው ለዶርዜዎች ተከራከሩላቸው፣ ልጆቹ አሁን ራሳቸው ጋይድ ሆነዋል፣ እንግዳ የሚያድርበት የቀርከሃ ቤት ሠርተዋል፣ ያ ዝሆን የሚመስለው ቤታችን በየዓመቱ ምስጥ ከስር እየበላው ሲያጥር ማን ያድሰው ነበር ቱሪስት ባይመጣ፣ አሉ። ሁለቱም እውነት ነው መሰለኝ፣ ጋሼ አንዱን መርጠው አይናገሩም እኔም አልመረጥኩም።

እሁድ ተመለስን። ጠዋት ቤተክርስቲያን ነበሩ፣ ኬንያሆች አብዛኞቹ ክርስቲያን ናቸው፣ ፕሮቴስታንት፣ እና ሰዎቹ ከጸሎት መልስ ምሳ በልተው ልብስ ቀይረው ነው ወደ ላሚኑ የሚመጡት። ላሚን ማለት የምሥራቅ ካሊማንታን ረጅም ቤት ነው፣ እንጨት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በምሰሶ የቆመ። የፓምፓንጉ የላሚን ግድግዳና ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ነጭና ቢጫ ቅርጽ ነው፣ እንደ ሐረግ እየተጠማዘዘ ይሄድና ልብ ብለህ ስታየው የወፍ ራስ ይሆናል፣ ሌላው ጋ ደግሞ ግማሽ ውሻ ግማሽ ዘንዶ የመሰለ ነገር። የብራና መጽሐፎቻችን ላይ ያለውን ሐረግ የምታውቁ ዓይናችሁ ቶሎ ይይዘዋል።

እውነተኛው ረጅም ቤት ግን ሰው የሚኖርበት ነው፣ የፓምፓንጉ አሁን ለስብሰባና ለጭፈራ ነው፣ ሰዎቹ የሚያድሩት እንደማንኛችንም በየቤታቸው ነው። ድሮ በረጅሙ ቤት እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ በርና ክፍል አለው፣ በሮቹ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፣ ከፊት ለፊታቸው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ የጋራ በረንዳ አለ፣ ሩዝ የሚወቀጥበት፣ ልጅ የሚሮጥበት፣ ሽማግሌ ነገር የሚያይበት፣ እንግዳ የሚቀመጥበት። ፎቶውን ሳሳይ ዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ ቀና ብሎ በረንዳችንን አየና "ይሄማ የኛ ግቢ ነው፣ ቧንቧው ብቻ ነው የጎደለው" አለ። ጋሼ ደግሞ "ዱቡሻ ነው" አሉ፣ ጋሞዎች ተሰብስበው የሚመክሩበትን ቦታ።

ስለ ጭፈራው አሳጥሬ ልንገራችሁ ምክንያቱም በጽሁፍ አይሆንም። ሳፔ የሚባል ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ጀልባ መሳይ ባለ ክር መሣሪያ አላቸው፣ በክራርና በጊታር መሃል ያለ፣ ድምፁ ውሃ ውሃ ይላል። ወንዶቹ ማንዳው የሚባለውን ጎራዴና ጋሻ ይዘው የጦር ጭፈራ ይጨፍራሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ በየጣታቸው መሃል የወፍ ላባ ይዘው እጃቸውን እንደ ክንፍ ቀስስስ አድርገው ይዘረጋሉ፣ አንዷ እንደውም ነሐስ ደወል ላይ ቆማ። እግር የሚንቀሳቀስ አይመስልም ግን ቦታዋን ቀይራ ታገኛታላችሁ። ከእስክስታ ጋር ላነጻጽር ሞክሬ ነበር፣ ተቃራኒው ነው፣ እኛ ትከሻ ላይ የምናፈነዳውን እነሱ አፍነው ጣት ላይ ያወጡታል። ላባው የሆርንቢል ነው፣ መንቁሩ ላይ ቀንድ መሳይ ነገር የተሸከመ ትልቅ ወፍ፣ ለነሱ የተቀደሰ። ከዘመዶቹ አንዱ፣ ባለ ጠንካራ ቀንዱ፣ በአደን ብዛት ከ2015 ጀምሮ ሊጠፉ ጫፍ ከደረሱት ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው፣ እና አንዳንዱ ልጅ እጅ ላይ ያየሁት ላባ ፕላስቲክ ነበር። ይሄን በቅሬታ አይደለም የምለው፣ ፕላስቲኩን ሳይ ደስ አለኝ።

ሾው ነው፣ አይደለም አልልም። ማይክ የያዘ ሰው አለ፣ ቀልድ አለ፣ ከፊት ወንበር ስልክ ዘርግቶ የኋላውን የሚጋርድ አለ። አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ጨፋሪ መሃል ላይ ቆማ አዛጋች፣ ከጀርባ ያለችው እህቷ መሰለችኝ በጉልበቷ ገፋ አደረገቻት። መጨረሻ ላይ እንግዳውን ሁሉ አስነስተው ረጅም ሰልፍ አሠሩን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ አንድ ርምጃ ወደፊት አንድ ቆም። የናይሮቢዋ ልጅ ወዲያው ቻለችው፣ እኔ ሦስት ጊዜ ሰው ረገጥኩ።

ከሾው በኋላ ነው ፎቶ። ክፍያ አለው፣ ከመግቢያው ለብቻ። እና ሰልፉ ማን ጋ እንደሚረዝም መገመት አያቅትም፣ አሮጊቶቹ ጋ፣ ጆሯቸው የረዘመው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የነሐስ ቀለበት እየተጨመረላቸው ጆሯቸው ትከሻ ድረስ ወርዷል፣ እጃቸውና እግራቸው ላይ ደግሞ ጥቁር ንቅሳት አለ። ከነሱ በኋላ ያለው ትውልድ አላስረዘመም፣ አንዳንዱም ከተማ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲሳቅበት የረዘመውን አስቆርጦታል። ስለዚህ ጥቂት ሴቶች ናቸው የቀሩት፣ የመንደሩም ፎቶ እነሱ ናቸው። እነሱ ሲያልፉስ ብዬ የወጣቷን ልጅ ልጠይቃት አስቤ አፌ ላይ መለስኩት፣ አያቷ አጠገቧ ቆመው።

እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና የአሮጊቷን ፎቶ በሁለት ጣቷ አሰፋችው። እማዬ አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አላት፣ ከጎጃም ስትመጣ ይዛው የመጣችው፣ አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ ሻሽ ሸፍኖት ነው የኖረው፣ እኔ ራሴ በልጅነቴ ወላጅ አምጡ ሲባል "ሻሽሽን አጥብቂ" ብያት አውቃለሁ፣ ይሄን ስጽፍ አሁንም ያቃጥለኛል። ፎቶውን ብዙ አየችና "ተጠይቃ ነው የተነሳችው?" አለች።

ተጠይቃ ነው። እንደውም ጠይቃኝ ነው ማለት ይቀላል። ተራዬ ደርሶ አጠገቧ ስቆም የለበስኩትን ነጠላ ጥለት ያዘች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ክሩን በጣቷ ለየት ለየት አድርጋ ቆጠረችው፣ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየጠበቀ። ልጅቷ አስተረጎመችልኝ፣ "ማን ሠራው?" ነው የምትለው። ጎረቤቴ አልኳት። ወንድ ነው ስላት አላመነችም፣ እነሱ ጋ ክርና ዶቃ የሴት እጅ ነው። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ ምንም አላሉም፣ ግን ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ስልኩ እሳቸው ጋ ሲደርስ ያችኑ ፎቶ እየተመለሱ ሲያዩ ነበር።

ከዛ አሮጊቷ ቤቷ ይዛን ገባች፣ ሾው የለበት፣ ፎቶ የለበት፣ ግድግዳ ላይ የኢየሱስ ስዕልና የልጅ ልጅ ምርቃት ፎቶ ያለበት ቤት። ከሳጥን ያወጣችልኝን ነገር ነው ለእማዬ ላሳያት የቸኮልኩት። አንቀልባ ነው። እንጨት መቀመጫ አለው፣ ግማሽ ክብ፣ ራታን በሚባል የጫካ ሐረግ የተጠለፈ፣ ጀርባው በሙሉ በጥቃቅን ዶቃ የተሠራ፣ ጥቁር ቢጫ ነጭ ቀይ። ጠርዙ ላይ የእንስሳ ጥርስ፣ ሳንቲምና ዛጎል ተንጠልጥሏል፣ ሲንቀሳቀስ እየተጋጨ ድምፅ ያወጣል፣ ድምፁ ክፉ መንፈስ ከሕፃኑ ያባርራል። ዶቃው ላይ የሚሠራው ምስልም ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም፣ ሙሉ የሰው ቅርጽ ያለበት አንቀልባ ድሮ የባላባት ልጅ ብቻ ነበር የሚታዘልበት። ዶቃዎቹ ራሳቸው ከቬኒስና ከቻይና በንግድ ተሻግረው የመጡ ዘር አላቸው፣ ሉኩት ሰካላ የሚባለው አንዷ ፍሬ በድሮ ዘመን የአንድ ባሪያ ዋጋ ነበረች።

"ይሄማ አንቀልባ ነው!" አለች እማዬ እኔ ሳልናገር። ተነስታ ገባች፣ አልጋ ስር ስትጎትት ሰማናት፣ ወጣች ይዛው። ቆዳው ደርቆ፣ ዛጎሉ ግማሹ ረግፎ፣ ማንገቻው አንድ ቦታ በሲባጎ ታስሮ። እኔን አዝላበታለች፣ ወንድሞቼን አዝላበታለች፣ እኛን ሳትወልድ እሷ ራሷ ታዝላበታለች። ይሄን የመሰለ ቸርችል ላይ ያሉት የባህል ዕቃ ሱቆች ግድግዳ ላይ ሞልቷል፣ ከጦርና ከጋሻ ጋር ተሰቅሎ፣ እኔ ከቢሮ ስወጣ በየቀኑ አጠገቡ ነው የማልፈው። አንዱ ባለ ሱቅ አንዴ እማዬን ሽጪልኝ ብሏት "ልጅ ያዘለ ዕቃ ይሸጣል እንዴ?" ብላ መልሳዋለች፣ ያኔ በነጻ ቤት ማጣበባችን ነው ብዬ ተበሳጭቼ ነበር።

ስለ ምዕራቡ ልጅ ሳልነግራችሁ ላልፍ ነበር። እሱ ኢባን ነው፣ እና ፓምፓንግን ብዙም አልወደደውም፣ "ጥሩ ነው ግን ስቴጅ ነው" ነው ያለው፣ በሱ በኩል ሱንጋይ ኡቲክን ማየት ነበረብሽ ብሎ እስከ ኤርፖርት ድረስ ነዘነዘኝ። እዛ ሰው አሁንም በረጅም ቤት ውስጥ ይኖራል፣ 28 በር፣ ርዝመቱ ከ200 ሜትር የማያንስ። እንግዳ ሲመጣ ከቤተሰብ ጋር ነው የሚያድረው፣ ሾው የለም፣ ቱአክ የሚባል የሩዝ ጠላ አለ፣ እንግዳ ሆኖ አልጠጣም ማለት ደግሞ እዛም እንደኛው ነው። እንግዳው ግን ቤቱን ብቻ አይደለም የሚያየው፣ ጫካውን ነው። እንጨት ቆራጭ ኩባንያ መጣ አንሸጥም አሉ፣ የዘንባባ ዘይት መጣ አንሸጥም አሉ፣ ለዓመታት። በ2013 የኢንዶኔዥያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የነባር ሕዝብ ጫካ የመንግሥት ጫካ አይደለም ብሎ ወሰነ፣ ሱንጋይ ኡቲኮች በ2019 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ፣ በ2020 ደግሞ ከ9 ሺህ ሄክታር በላይ ጫካ በስማቸው ተጻፈላቸው። ልጁ ይሄን ሲያወራ ቱሪዝም የሚለውን ቃል ሁለቴ ቢጠራው ነው። መጀመሪያ መሬቱ ያንተ ይሁን፣ እንግዳ ከዛ በኋላ ነው የሚጠራው፣ መሬቱ ያንተ ካልሆነ አንተም እንግዳ ነህ፣ ነው ነገሩ።

ልክ ነው። ግን እኔ አሁንም የማስበው የፓምፓንጓን እሁድ ነው፣ ምክንያቱም የኛ ሰፈሮች ለሱንጋይ ኡቲክ ሳይሆን ለፓምፓንግ ነው የሚቀርቡት፣ ተፈናቅሎ የሰፈረ፣ ከከተማ አጠገብ፣ ግማሹ ሥራው ከተማ። እንደዚያ ያለ ሰው ጫካ ባይኖረው እንኳን ቀን ሊኖረው ይችላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የራሱ ነው፣ ማንም እንደገና ፋቂው አይለውም። ሰኞ ቢሮ ገብቼ ይሄን ለአለቃዬ ነገርኩት፣ የደቡብ ፕሮግራማችን ላይ እያንዳንዱ መንደር ራሱ ቀንና ሰዓት ይስጠን፣ እኛ ኢትነሪውን በዛ እናውጣ፣ የፎቶ ሂሳቡ በሰው መሆኑ ቀርቶ በአንድ ላይ ለማኅበራቸው ይከፈል አልኩት። "እንግዳው ሐሙስ ቢደርስስ?" አለኝ። ሐሙስ የደረሰ ሰው ወንዝ ዳር ዓሣ ይበላል አልኩት። አልሳቀም። እያየነው ነው ብሏል፣ እሱ እያየነው ካለ ምን ማለት እንደሆነ አብረውኝ የሚሠሩ ያውቁታል፣ ሁለቱን የኮንሶ ቀኖች ግን ቀስ ብዬ ራሴ እያስተካከልኩ ነው፣ የአካባቢው ጋይዶች ማኅበር ጋ ደውዬ ሁለቱንም ቀን እነሱ መርጠውልኛል።

ቡናው በረካ ሲደርስ እማዬ አንቀልባውን አሮጊቷ ጋ ላኪልኝ አለችኝ። ዕቃውን መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ፎቶውን ነው። በረንዳው ላይ ብርሃን ባለበት ዘርግታው፣ የተቋጠረውን ሲባጎ ወደ ውስጥ ደብቃ፣ አነሳሁት። ወጣቷ ልጅ ጋ በዋትሳፕ ላክሁት፣ የእናቴ ነው፣ አያትሽ ትየው ብዬ። እዛ መሽቶ ስለነበር መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው፣ ድምፅ ነው የላከችው፣ አሮጊቷ ከኋላ ስትስቅ ይሰማል፣ ከዛ ረጅም ነገር ትናገራለች፣ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች። ስንት ልጅ አዘለ ነው አንደኛው ጥያቄ። ሁለተኛው፣ ሀገራችሁ ባህር የለውም ብለሽኝ ነበር፣ ታዲያ ዛጎሉን ከየት አመጣችሁት?

እማዬን ጠራሁና አሰማኋት። ሰባት በያት አለችኝ፣ ከእህቷ ልጆች ጋር። ስለ ዛጎሉ ትንሽ አሰበች። "እነሱስ ደገኞች አልነበሩም እንዴ፣ ለጨው ወር የሚጓዙ?" አለች፣ "እስቲ እነሱ ከየት እንዳመጡት ጠይቂልኝ።"